ከደመናው ሥር የተሳለው በር

ተራሮቹ ትንንሽ ናቸው። ይህን ሲሰማ የከተማው ሰው ቅር ይለዋል፤ ቢለውም ቁጥር ይሉኝታ አያውቅም። ሰንሰለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው፤ ወርዱ በዛ ቢባል ዘጠኝ። ከአምስቱ ተራሮች ረጅሙ ሦስት ሺህ ሜትር ለመሙላት ሰማንያ ሜትር ይጎድለዋል። ከተማው ባለበት በምሥራቅ በኩል መሬቱ እያዘገመ፣ እያረፈ፣ በእርሻና በጥድ መካከል ከፍ ይላል። በምዕራብ በኩል ግን ትዕግሥት የለውም፤ ከአናቱ ተነሥቶ ሐይቁ ዳር እስኪደርስ ቁልቁል ይወርዳል። ከአንዱ ሸንተረር ሁለት ወንዞች ይነሣሉ። አንዱ ወደ ከተማው፣ አንዱ ወደ ሐይቁ ይሄዳል፤ እንደተኮራረፉ ወንድማማቾች ዳግም አይገናኙም።

ከደቡብ ከተጀመረ መጀመሪያ የሚገኘው ራሰ በራው ነው፤ ዛፍ የሚባል አልበቀለበትም። ቀጥሎ መንታዎቹ፣ ከዚያ ጎባጣው። ለአምስተኛው ስም ለማውጣት ማንም አልደከመም፤ «ያኛው» ነው የሚባለው። በመንታዎቹና በጎባጣው መካከል ግን፣ ሰማዩ በጠራበት ቀን እንኳ፣ አንድ ቁራጭ ደመና አይጠፋም። ባርኔጣው ይሉታል። ከሐይቁ የሚነሣው እርጥበት ገደሉን ተከትሎ ይወጣና እዚያች ቦታ ሲደርስ ብርድ ያገኘዋል፤ ይቀመጣል፣ በቃ። ከባርኔጣው ሥር ምን እንዳለ የሚያወራ ሞልቷል፤ አንዱ ገደል ነው ይላል፣ ሌላው ሸለቆ ነው ይላል፤ ሄጄ አየሁ የሚል ግን የለም። አስፋልቱ ሰንሰለቱን በሰሜን በኩል በወንዙ ሸለቆ ዞሮ ስለሚያልፍ፣ እዚያ ድረስ መውጣት የሚያስፈልገውም ሰው አልነበረም።

ይህን ሁሉ እንደ እትዬ ኮንቱር አብጠርጥሮ የሚያውቅ በከተማው ውስጥ አይገኝም። ታዲያ አንድም ቀን ተራሮቹ ላይ ወጥታ አታውቅም። ተራሮቹን የምታውቃቸው በጣቷ ነው። በካርታ መሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሥሩ መብራት በሚበራበት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ስላቸዋለች። ኮንቱር ማለት ካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች እያያያዘ የሚዞረው ቀጭን ቡናማ መስመር ነው፤ መስመሮቹ ሲጠጋጉ ገደል፣ ሲራራቁ ለጥ ያለ መሬት። እሷ ስትስለው እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ትንፋሿ አይሰማም፤ ስሙ ተለጥፎባት የቀረውም ለዚህ ነው። ኮምፒውተር መጥቶ ብዕሩን መሳቢያ ውስጥ ካስገባው በኋላም ስሙ አልለቀቃትም። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባት። ማንም ሰው ግቢውን ሲያስተካክል በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ «ውሃው እኮ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው» ትላለች። ጎረቤት ይስቅባታል። ዝናብ ሲመጣ ውሃው እሷ ባለችው በኩል ይገባል። ለዚህም ነው ሰፈሩ ቢያከብራትም ብዙም የማይወዳት።

ነገሩ የጀመረው ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ነው። ያኔ ካርታ የሚሠራው አውሮፕላን ከላይ ሆኖ ባነሣው ፎቶግራፍ ነበር። ለዚህ ሰንሰለት አውሮፕላኑ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ ሦስቱንም ጊዜ ባርኔጣው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አሥራ ሁለት ቁጥር በሚባለው ካርታ መሃል የሦስት ጣት ስፋት ያለው ነጭ ቀዳዳ ቀረ። የሙያው ሕግ ግልጽ ነው፤ ያልታየ ቦታ ባዶ ይተዋል፤ ታይቶ ያልተለካ ደግሞ በተቆራረጠ መስመር ይሳላል። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ግን ካርታ ላይ ቀዳዳ ሲያይ ጥርሱን የሚያመው ሰው ነበር። «አንድ ሰው ይውጣና ይየው» አለና ቀያሹን ላከው።

ቀያሹ ቀልደኛ፣ ቁማር ወዳድ፣ ከካርታ ይልቅ መጫወቻ ካርታ የሚያስደስተው የሚመስል ወጣት ነበር። መነጽር ያለው ባለሦስት እግር መሣሪያውን ተሸክሞ ሄደ። በአሥረኛው ቀን ጉንፋን ይዞት፣ ጫማው ውሃ እየተፋ መጣና የእትዬ ኮንቱርን ጠረጴዛ ተደገፈ። ያኔ እትዬ አልነበረችም፤ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበረች።

«በር አለ» አላት። «በመንታዎቹና በጎባጣው መካከል ማለፊያ አለ። ያን ያህል አይከብድም፤ ሰው ሸክም ይዞ ያልፍበታል።»

«እንዴት አድርጌ ልሳለው?»

«ቆራርጠሽ ሳይው። ሌላ ጊዜ ተመልሼ እለካዋለሁ።»

አልቆራረጠችውም። የተቆራረጠ መስመር በካርታ ሥራ «እርግጠኛ አይደለሁም» ማለት ነው፤ እሷ ደግሞ በዚያ ሰውዬ እርግጠኛ ነበረች። የነገራትን በሙሉ መስመር፣ አንድም ቦታ ሳታቋርጥ፣ ከሳለቻቸው ሁሉ አሳምራ ሳለችው። ኃላፊው ካርታውን አይቶ ጥርሱ ዳነ። በዓመቱ እሷና ቀያሹ ተጋቡ።

ቀያሹ ተመልሶ አልለካውም። ሌላ አውራጃ ላኩት፣ ከዚያ ልጅ መጣች፣ ከዚያ ቤት መሥራት መጣ። የቤታቸው ቁጥር 47 ነው፤ በሩ ላይ በቀለም የጻፈው ራሱ ነው። ሰባትን ሲጽፍ ወገቡ ላይ አንድ ሰረዝ የማድረግ ልማድ ነበረው፤ ፖስተኛው ባለፈ ቁጥር «ይህ ሰባት ቀበቶ የታጠቀው ሱሪው እንዳይወልቅ ነው?» እያለ ይቀልድበት ነበር። ደህና ትዳር ነበር። ሲጣሉም የሚጣሉት በመንገድ አቅጣጫ ነው፤ ቀያሽና ካርታ ሠሪ ተጋብተው በሌላ ነገር ሊጣሉ አይችሉም።

የዛሬ ስድስት ዓመት ታመመና ሞተ። ዕቃውን ስታስተካክል የመስክ ደብተሮቹን አገኘች። የቀያሽ ደብተር እያንዳንዱ ገጽ መስመር መስመር አለው፤ ቀን፣ የአየር ሁኔታ፣ መሣሪያ፣ ከፍታ፣ የለካው፣ የመዘገበው። የእሱ ገጾች በቁጥር የተሞሉ ናቸው። እንዲያው ትዝታ ብላ የባርኔጣውን ሳምንት ፈለገች። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። በሦስቱም ገጾች ላይ የአየር ሁኔታ በሚለው ፊት «ዝናብ» ተብሎ ተጽፏል። ከቀኑ በቀር ሌላው ሁሉ ባዶ ነው።

ክው አለች። ከተራራው እግር ሥር፣ መንገዱ ሲያልቅ፣ አንድ ሻይ ቤት እንዳለ ታውቃለች። ቀያሾች ዝናብ ሲይዛቸው እዚያ ተቀምጠው ካርታ እየተጫወቱ እንደሚውሉ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሚስቅበት ወሬ ነው። ሦስት ቀን ዝናብ፣ ሦስት ቀን ባዶ ገጽ። ሌላ ምን ይባላል? ባሏ ያልወጣውን ተራራ ወጣሁ ብሎ፣ ያላየውን በር አየሁ ብሎ፣ ምናልባት እሷ ፊት ጀግና ለመምሰል ብሎ ዋሽቷታል። የምትጠይቀው ሰው ደግሞ የለም። ነገሩን ለመሥሪያ ቤቱ ብትናገር የሞተ ሰው ስም ይጎድፋል። ሆድ ይፍጀው ብላ ደብተሩን ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው። ካርታው ከዚያ በኋላም አንድ ጊዜ ታተመ፤ መስመሩ ሳይቆረጥ። ማን ይሄድበታል ብላ ራሷን ታጽናናለች፤ ግን ስለ ባሏ ደግ ነገር ሲወራ መስማት አስጠላት፤ ይህን ደግሞ ለማንም አልተናገረችም።

ዘንድሮ ዝናቡ በረታና በሰሜን በኩል ያለው ሸለቆ ተንዶ አስፋልቱን ዋጠው። መንገዱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንደማይከፈት ተነገረ። በዚያው ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት ጠዋት፣ እትዬ ኮንቱር እንደ ወትሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ሰቀለች። ከጎኗ በኮምፒውተር የሚሠራው ባልደረባዋ ዝምታ ይባላል፤ አፉ ተዘግቶ ስለማያውቅ የወጣለት ስም ነው።

«ልጅዎ ትናንት መጥታ ነበር» አላት ዝምታ ገና ሳትቀመጥ። «እርስዎ ስብሰባ ገብተው ነበር። አሥራ ሁለት ቁጥርን አትሜ ሰጠኋት።»

«አሥራ ሁለት ቁጥርን ምን ልታደርገው?»

«ልትሻገር ነዋ። መንገዱ ተዘግቶ የለ? ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ኢንሱሊን አልቆበታል አሉ። በባርኔጣው ሥር ባለው በር እናልፋለን አለችኝ። እናቴ የሳለችው ነው ብላ እንዴት እንደኮራች ቢያዩ፤ እኔማ እንዲያውም...»

«መቼ ነው የሚሄዱት?»

«ዛሬ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጥተዋል። አልነገረችዎትም?»

ነግራታለች፤ ግን «ለሥራ ወጣ እላለሁ» ነው ያለችው። እናት ከአልጋዋ ሳትነሣ «ጃኬት ያዢ» ብላ መልሳ ተኝታለች። ልጅቷ ነርስ ናት፤ ለሥራ ወጣ ማለት አዲስ ነገር አይደለም። እትዬ ኮንቱር ስልኳን አውጥታ ደወለች። ጥሪው አያልፍም፤ ከተራራው ግማሽ በላይ ኔትወርክ እንደሌለ ካርታው ላይ ምልክቱን ያስቀመጠችው ራሷ ናት። ጤና ቢሮ ደወለች።

«ከመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ጋር ሁለት ሆነው ሄደዋል» አላት የቢሮው ሰው ተረጋግቶ። «ማዶ ሲደርሱ ይደውላሉ።»

«መንገዱ ይታወቃል? ሄዶበት የሚያውቅ ሰው አብሯቸው አለ?»

«እትዬ፣ ካርታው አለ እኮ» አላት ሰውዬው። ሊያጽናናት ነው።

ስልኩን ዘጋችና አሥራ ሁለት ቁጥርን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ከተማው ዳር ላይ ጣቷን አስቀምጣ መሄድ ጀመረች። አንድ ሰዓት ላይ ጥዱ ጋ ይደርሳሉ። ሦስት ሰዓት ላይ ምንጩ ጋ። ከምንጩ በላይ መስመሮቹ ይጠጋጋሉ፤ እርምጃ ይቀንሳል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ደመናው ውስጥ ናቸው። ከዚያ ጣቷ ያቺ አምራ የተሳለች መስመር ጋ ደረሰና ቆመ። በሩ ከሌለ እዚያ ያለው የምዕራቡ ገደል ነው። በጭጋግ ውስጥ ካርታ ያመነ ሰው እግሩን የሚያነሣው ካርታው ባለው በኩል ነው። ልጇ ደግሞ ካርታውን የምታምነው እናቷን ስለምታምን ነው።

«ዝምታ» አለች ቀና ሳትል። «ይህችን መስመር ማንም አልለካትም።»

«የትኛዋን?»

«ይህችን። በወሬ ነው የሳልኳት። ከዚያ ደግሞ ወሬው እውነት መሆኑን ተጠራጠርኩ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠርጥሬ ዝም አልኩ። አሁን ልጄ እዚያ ላይ ናት።»

በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታ ዝም አለ። ከዚያ ተነሥቶ ሻይ አመጣላት፤ ሻዩ ቀዝቅዞ ቆዳ እስኪያወጣ ድረስ ከጎኗ ቆመ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ምሳ አልበላችም፤ እሱም አልበላም። ስምንት ሰዓት ሆነ። በመስኮቱ በኩል ባርኔጣው ከቦታው ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ ቀያሹ ከተላከበት ቀን ጀምሮ ያልተነሣ ነው የሚመስለው። እትዬ ኮንቱር ባሏን በልቧ ሰደበችው። ከዚያ ራሷን ሰደበች፤ ይህኛው ረዘም ያለ ነበር። «ቆራርጠሽ ሳይው» ብሏት ነበር እኮ። ቢዋሽ እንኳ በዚያ አልዋሸም። መስመሩን ሙሉ ያደረገችው እሷ ናት።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው። እጇ ስለተንቀጠቀጠ ዝምታ ነው ያነሣላት፤ ጆሮዋ ላይም የያዘላት እሱ ነው።

«እማ፣ ደርሰናል» አለች ልጅቷ። «የጤና ጣቢያው ስልክ ነው። የኔ ባትሪው ሊሞት ነው።»

እትዬ ኮንቱር ከጠዋት ጀምሮ ይዛው የዋለችው ትንፋሽ በአንድ ጊዜ ወጣ።

«እማ? አለሽ?»

«አለሁ። ደህና ነሽ? እግርሽ፣ እጅሽ?»

«ደህና ነኝ። ኢንሱሊኑም ደህና ነው፤ በረዶው እንኳ ሙሉ በሙሉ አልቀለጠም። ምነው ድምፅሽ?»

«በሩ አለ?»

«አለ ማለት?»

«በሩ፤ ማለፊያው። አለ ወይ?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የሳልሽው?» ልጅቷ ሳቀች። «አለ። ይኸው አልፈን መጣን። ግን ካርታሽ ላይ ቀላል መምሰሉ ውሸት ነው፤ ነፍሴን ነው ያወጣው። መስመሮችሽን ትንሽ አጠጋግተሽ መሳል ነበረብሽ። ስልኬ ጫፉ ላይ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ አራት ሜትር ነው ያለኝ፤ አንቺ ስንት ብለሻል?»

«ሁለት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ» አለች እናት። አምሳ አራት ሜትር ስታለች። ሌላ ቀን ቢሆን ለአንድ ሳምንት ትታመም ነበር፤ ዛሬ ግን መሳሳቷን ስትሰማ ደስ አላት፤ ሊሳሳቱበት የሚቻል በር አለ ማለት ነው።

«ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች ልጅቷ። «ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ጭጋጉ እስኪሳሳ ተቀምጠን ዳቦ ስንበላ እጄን አሳረፍኩበት፤ የሚቆረቁር ነገር አለው። የድንጋዩን ሽበት ፈቅፍቄ ሳየው ሦስት ማዕዘን ነው፣ መሃሉ ላይ ነጥብ፤ የቀያሽ ምልክት። ከሥሩ ቀን አለ። አሥራ አምስት፣ ሰባተኛ ወር፤ ዓመቱ እኔ ከመወለዴ ሁለት ዓመት በፊት። እማ፣ ሰባቱ ቀበቶ ታጥቋል።»

እትዬ ኮንቱር ስልኩን ከዝምታ እጅ ወሰደች።

«የአባዬ ሰባት ነው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «በራችን ላይ ያለው። እዚያ መሄዱን ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እኔም አላውቅም ነበር» አለች እትዬ ኮንቱር።

ልጅቷ ሕመምተኞች እየጠበቋት ስለነበር ስልኩን ዘጋች። እናት ካርታው ላይ እንደተደገፈች ቀረች። ነገሩ የገባት ያኔ ነው፤ ሲገባትም እንደ ጥፊ ነው ያገኛት። ቀያሽ ደብተሩ ላይ የሚጽፈው መሣሪያው ያነበበውን ብቻ ነው። በጭጋግና በዝናብ ውስጥ መሣሪያው ምንም አያነብም፤ መነጽሩ ነጭ ነው የሚያሳየው። ዐይን ያየው ደብተር ላይ አይወጣም። ይህን አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የምታስተምረው እሷ ናት፤ ለዚህ ነው የተቆራረጠ መስመር የተፈጠረው እያለች። ሰውዬው በዝናብ ውስጥ ወጥቶ፣ አይቶ፣ ድንጋዩን ቀርጾ፣ ወርዶ፣ ያልለካውን አልለካሁም ብሎ ገጹን ባዶ ተወው። ለእሷ ደግሞ ያየውን በአፉ ነገራት፤ ቆራርጠሽ ሳይው ብሎም አስጠነቀቃት። ቁማርተኛ መሳይ ባሏ ከእሷ ይልቅ ሕጉን ጠብቋል። እሷ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በታማኝነቱ ምክንያት ውሸታም ስትለው ኖረች።

አለቀሰች፤ መሃል ላይ ደግሞ ሳቋ መጣ። ዝምታ ደንግጦ እጁ የገባለትን ጨርቅ ሰጣት። ድሮ የብዕር መጥረጊያ የነበረ ጨርቅ ነው፤ ፊቷን ስትጠርግበት ግንባሯና ጉንጯ ላይ ቡናማ መስመር ተሰመረባት።

«እትዬ» አለ ዝምታ፣ አፉ ተመልሶለት፣ «አሁን በትክክል ኮንቱር ሆነዋል።»

በረታ ብላ ሳቀች። ከዚያ ረሃቧ ትዝ አላት፤ ከቡና ቤቱ ሁለት ዳቦ በእንቁላል አስመጥታ ሁለቱንም ራሷ በላችው፤ ለእሱ ሌላ አስመጣችለት። ከመውጣቷ በፊት ግን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችው።

«አሥራ ሁለት ቁጥርን ክፈት። ይህችን መስመር ቆራርጣት።»

«አሁን? ሰው ካለፈባት በኋላ?»

«ሰው አለፈባት እንጂ ገና አልተለካችም። ቀያሽ ይላክ ብዬ ነገ ደብዳቤ እጽፋለሁ። እስከዚያ ትቆራረጥ፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የታዘዝኩት ነው።»

ዝምታ ቆራረጣት። መስመሯ ስታምር ኖራ አሁን የተበጣጠሰ ክር መሰለች፤ እትዬ ኮንቱር ግን ተደስታ አየቻት። ወደ ቤቷ ስትሄድ ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር፤ ሰፈሯ ስትደርስ ጎረቤቷ ቦይ ሲቆፍር አገኘችው። ቦዩ በተሳሳተ በኩል ነው። ሰላምታ ሰጥታው ምንም ሳትል አለፈች፤ ሰውዬው መቆፈሩን አቁሞ በግርምት በዐይኑ ሸኛት። ግማሽ መንገድ ሄዳ አላስችል ሲላት ተመለሰችና ነገረችው።

ቤቷ ስትደርስ በሩ ላይ ያለውን ሰባት በመዳፏ ነካ አደረገችው። ጃኬቷን ሳታወልቅ ሳጥኑን ከፈተች፣ ደብተሩን አወጣች፣ የአሥራ አምስተኛውን ቀን ገጽ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። ቀለሙ የደበዘዘ፣ ጠርዙ ውሃ የነካው ገጽ ነው፤ ውሃው ከየት እንደመጣ አሁን ታውቃለች። እርሳሷን ቀርጻ፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ፣ ባዶዎቹን መስመሮች አንድ በአንድ ሞላች።

መሣሪያ፦ ስልክ። ከፍታ፦ 2,614፣ በግምት። የለካው፦ ልጅህ። የመዘገበው፦ ሚስትህ።

የአየር ሁኔታ የሚለውን አልነካችውም። እሱን ቀያሹ ሞልቶታል።